ልጅ ያቦካው ለራት ይበቃል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



በዚህ በዓል ላይ ንግግር እንድናደርግ በታዘዝን ጊዜ፥ ጓደኞቻችን ስለ ሳይንስ ወይም ስለ አገር ታሪክ የምንናገር መስሏቸው ነበር። የመረጥነው ነገር ስለ ጓዳ መሆኑን በሰሙ ጊዜ ግን ሳቁብን። «ለትምህርት ቤት በዓል ስለ ሽሮ ወጥ ይወራልን?» አሉን። እኛም «ከመካከላችሁ ሽሮ የማይበላ ማን ነው?» ብለን መለስንላቸው። ሰው በየቀኑ የሚያደርገው ነገር ሁሉ ሊማረው የሚገባ ነውና፥ በትዕግሥት እንድታዳምጡን እንለምናለን።

አባቶቻችን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላሉ። ምሳሌው የተነገረው ከባድ ጉዳይ ለልጅ አይጣል ለማለት ነው፤ በዚህ በኩል ቁም ነገሩን አንነቅፈውም። ነገር ግን በብዙ ቤት ውስጥ ቃሉ እንደ ሕግ ተይዞ፥ ወንዱ ልጅ ዱቄት እንዳይነካ፥ ሴቷ ልጅ ደግሞ ብቻዋን እንድታቦካ ሆኗል። እኛ ዛሬ የምናሳስበው፥ ልጆች ሁሉ ወንድ ሴት ሳይባል በቤታቸው ምግብ ማዘጋጀትን ቢማሩ፥ ያቦኩት ለራት እንደሚበቃ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሰፈራችን በቧንቧ ውሃ ነው። እኛ አራት ጓደኛሞች ነን። ሁለታችን በዚያው ከወላጆቻችን ጋር እንኖራለን፤ ሁለታችን ደግሞ ከገጠር መጥተን አንዲት ክፍል ተከራይተን እንማራለን። ደሴን የሚያውቅ ሁሉ የእሑድን ማታ ያውቃል። ከኩታበር፥ ከተሁለደሬና ከደሴ ዙሪያ ቀበሌዎች ተማሪው ስንቁን በማዳበሪያ ከረጢት ተሸክሞ ወደ ከተማ ይገባል። በከረጢቱም ውስጥ እናት ወይም እኅት የጋገረችው እንጀራ፥ ትንሽ ሽሮ፥ ድርቆሽ፥ በሶና ቆሎ ይገኛል። እስከ ማክሰኞ ሁሉም ሰው ጌታ ነው። ረቡዕ እንጀራው ይደርቃል፤ ሐሙስ ጥግ ጥጉ ላይ ሻጋታ ይታያል። ከዚያ በኋላ ሻጋታውን እየቈረጡ ቀሪውን የሚበሉ አሉ፤ ይህም ክፉ ልማድ ነው፤ ሻጋታ ዓይን ከሚያየው ስፍራ አልፎ ወደ ውስጥ ይሰድዳልና። ሌሎቹ ደግሞ እስከ ዓርብ ዳቦ በሻይ ይበላሉ።

ከሁለት ዓመት በፊት፥ አሥረኛ ክፍል ሳለን፥ ከእኛ አንዱ እየደከመው ሄደ። ወደ ትምህርት ቤት የሚያወጣውን ዳገት ሳይቀመጥ መውጣት አቃተው፤ በክፍል ውስጥ ራሱን ያዞረው ጀመር፤ ፊቱም ገረጣ። አስቀድመን ያጠናው ብዛት መስሎን ቀለድንበት። በኋላ ግን ሦስታችን ይዘነው ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። የጤና ባለሙያው ደሙን አስመርምሮ ደም ማነስ መሆኑን ነገረን። መድኃኒትም ከሰጠው በኋላ «ምን ትበላለህ?» ብሎ ጠየቀው።

«ጠዋት ዳቦ በሻይ፥ ቀን እንጀራ በሚጥሚጣ፥ ማታ ዳቦ በሻይ» አለ።

«ምስር የምትገዛበት ገንዘብ የለህምን?»

«ገንዘቡስ ነበረኝ፤ ግን ምስር ወጥ መሥራት አላውቅም።»

ይህ መልስ እስከ ዛሬ ድረስ ከጆሯችን አልወጣም። የፊዚክስ ቀመር የሚያሰላ፥ የሴልን ክፍሎች በቃሉ የሚዘረዝር ልጅ፥ አንድ ጭብጥ ምስር መቀቀል ባለማወቁ ታመመ። እኛም የሳቅንበት ሦስታችን ወደ ቤታችን ገብተን ራሳችንን ብንጠይቅ፥ ከእርሱ የምንሻል አልነበርንም። የከተማዎቹ ሁለታችን እናቶቻችን በአጠገባችን ስለ ነበሩ ብቻ አልታመምንም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ጓደኛችንን ቅዳሜ ወደ አገሩ በሸኘነው ጊዜ ግን ሌላ ነገር አየን። የእርሱን የሳምንት ስንቅ የምታዘጋጀው ሰባተኛ ክፍል የምትማር ታናሽ እኅቱ ነበረች። እናታቸው ጀርባዋን ስለሚያማት፥ ቅዳሜ ማታ ልጅቱ ብቻዋን እስከ እኩለ ሌሊት ስትጋግር ታመሻለች፤ እሑድ ጠዋት ሽሮውን ትቋጥራለች፤ ከዚያም ውሃ ልትቀዳ ትወርዳለች። የቤት ሥራዋን የምትሠራበት ጊዜ አልነበራትም። በዚያ ዓመት ክፍል ደገመች። ወንድምየው እንዲማር እኅትየው ወደ ኋላ ቀረች ማለት ነው፤ እርሱም የተሸከመውን እንጀራ ዋጋ አላወቀም ነበር። እኛ ይህን ባወቅን ጊዜ አፈርን። ዛሬ ስለ ጓዳ የምንናገረው ከዚያ ዕፍረት የተነሣ ነው።

ከዚህ ቀደምም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች አንድ ትምህርት አግኝተን ነበር፤ ግን ቶሎ ረሳነው። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጦርነቱ በከተሞቻችን በነበረበት ጊዜ እኛ የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ነበርን። በሰፈራችን መብራት ጠፋ፤ ስለዚህም ወፍጮ ቤቱ ቆመ፤ ገበያው ተዘጋ፤ ባንክ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ከእኛ የአንዱ አያት ብዙ ዘመን ተጋድሞ የነበረውን የድንጋይ ወፍጮ ከነመጁ አስወጥተው፥ ወንዱንም ሴቱንም በተራ አስፈጩን። ስንዴ ቈላን፤ ባቄላ ቀቀልን፤ የጐረቤትም ልጆች መጥተው ከእኛ ጋር ንፍሮ በሉ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ያለውን እያመጣ በአንድ ግቢ ተካፈለ። በእነዚያ ሳምንታት ልጅ ያቦካው በእርግጥ ለራት በቅቶ ነበር። ሰላም በሆነ ጊዜ ግን ወንዶቹ ከጓዳ ወጣን፤ እኅቶቻችን እዚያው ቀሩ።

የወሎ ሰው ስለ ምግብ በቀልድ ሊናገር አይገባውም። አያቶቻችን የ1965 እና የ1966 ዓ.ም.ን ረኃብ አይተዋል፤ ወላጆቻችንም የ1977ቱን ያስታውሳሉ። ዛሬም ቢሆን ሌላ የማይጮኽ ረኃብ አለ፤ ይኸውም ሆድ ሞልቶ ሰውነት የሚራብበት ነው። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ከመቶ ሕፃናት ወደ አርባ አንድ የሚሆኑት ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም ነበር። መንግሥትም በ2007 ዓ.ም. በክልላችን በምትገኘው በሰቆጣ ከተማ ስም የተጠራውን ቃል ኪዳን አውጆ፥ ይህን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ ለማጥፋት ዐቅዷል። ዕቅዱ የሚፈጸመው ግን በአዳራሽ ሳይሆን በየቤቱ ምድጃ ዘንድ ነው።

እንግዲህ ጤናማ ምግብ ማለት ምንድር ነው? በታችኛው ክፍል ሳለን መምህራኖቻችን ምግብ ሦስት ወገን መሆኑን አስተምረውናል፤ ኃይል ሰጪ፥ ገንቢና በሽታ ተከላካይ። ኃይል ሰጪው ጤፍ፥ ማሽላ፥ ገብስ፥ ስንዴ፥ ድንችና ዘይት ነው። ገንቢው ባቄላ፥ አተር፥ ሽምብራ፥ ምስር፥ ወተት፥ ዕንቁላል፥ ሥጋና ዓሣ ነው። በሽታ ተከላካዩ ደግሞ ጎመን፥ ካሮት፥ ቲማቲም፥ ቃሪያ፥ ሎሚ፥ ፓፓያና ሌላው አትክልትና ፍራፍሬ ነው። ብዙ ሰው እነዚህን ሁሉ ለማግኘት ሀብታም መሆን ያስፈልጋል ይላል። እኛ ግን የምንኖርበትን ስፍራ እንመልከት። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት ከተማ ናት፤ ኮምቦልቻ ግን ጥቂት ኪሎ ሜትር ቍልቍል ወርዳ በሞቃቱ ወገን ትገኛለች። ስለዚህ የደጋው ገብስና ባቄላ ከላይ ይመጣል፤ የቃሉና የሐርቡ ማሽላ ከታች ይወጣል፤ ዓሣውም ከሐይቅ ይመጣል። ደጋና ቆላ እንዲህ በአንድ ገበያ የሚገናኙበት አገር ይዘን፥ ዳቦ በሻይ ብቻ መብላታችን የድኽነት ብቻ ሳይሆን የባልትና እጦትም ነው።

እናቶቻችን ሳይንስ ሳይማሩ የሚያውቁት ብዙ ነገር አለ። እንጀራን ከሽሮ ወይም ከምስር ጋር ማቅረባቸው ትልቅ ጥበብ ነው፤ በእህል ውስጥ የሚያንሰውን የገንቢ ምግብ ክፍል ጥራጥሬው ይሞላዋልና። ሊጡን በእርሾ አቡክተው ቀናት ማቆየታቸውም እንዲሁ ነው፤ የሊጡ መቡካት በእህሉ ውስጥ ያለውን ብረት ከሰውነት የሚያግደውን ነገር ይቀንሰዋል። ባቄላን ዘፍዝፎ በቆልት ማድረግም ይህንኑ ይረዳል።

እናቶቻችን ያልተነገራቸው ጥቂት ነገርም አለ፤ እርሱን ደግሞ እኛ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ልናደርስ ይገባናል። አንደኛው፥ ሻይና ቡና ከምግብ ጋር ሲጠጡ ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ሰውነት እንዳይወስደው ያግዳሉ፤ ሎሚና ቃሪያ ግን ይረዳሉ። ጓደኛችን ዳቦውን ከሻይ ጋር እየበላ ደም ያነሰው በዚህም ምክንያት ጭምር ነው። ሻይ የሚወድ ሰው ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ራቅ አድርጎ ይጠጣ። ሁለተኛው፥ ጎመን ቀቅሎ ውሃውን መድፋት፥ ከምግቡ ጥቅም ብዙውን አብሮ መድፋት ነው፤ በጥቂት ውሃ፥ ለጥቂት ጊዜ፥ ተከድኖ ይብሰል። ሦስተኛው፥ ጨው አዮዲን ያለበት ይሁን፤ እንቅርትን የሚከላከለው እርሱ ነውና። በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፤ ወጡ ሊወጣ ሲልም ይጨመር። አራተኛው፥ በከተማችን ከፍታ የተነሣ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ገደማ ነው፤ ባቄላና ሽምብራ በደሴ ቶሎ የማይበስሉትም ስለዚህ ነው። ሌሊቱን ቢዘፈዘፉ ግን ጊዜም ማገዶም ይተርፋል። ለኬሚስትሪና ለፊዚክስ ትምህርት ከዚህ የሚቀርብ ቤተ ሙከራ ወዴት ይገኛል?

አሁን ደግሞ የሚቃወሙንን እንስማ። ብዙ አባቶች «ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ይሠራል?» ይላሉ። እኛ ግን በአክብሮት እንጠይቃቸዋለን፤ በየገዳሙ ለመነኮሳቱ የሚያበስል ማን ነው? ወንዶች ናቸው። በጦር ሰፈር ለወታደሩ የሚቀቅል ማን ነው? ወታደሩ ራሱ ነው። የቆሎ ተማሪውም፥ በወሎ የቁርኣን ትምህርት ቤቶች የሚማረው ደረሳም፥ ከእናቱ ርቆ ራሱን ማስተዳደርን የትምህርቱ ክፍል አድርጎ ኖሯል። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ ማብሰል ወንድነትን አልቀነሰም። በቀድሞው ዘመን በትምህርት ቤቶቻችን የባልትናና የቤት አያያዝ ትምህርት ለልጃገረዶች ይሰጥ ነበር፤ ጥፋቱ መሰጠቱ ሳይሆን፥ ወንዶቹ ከዚያ መቅረታችን ነው።

ሌሎቹ «ማብሰል የጥናት ጊዜ ይወስዳል» ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከማን ይወስዳል? ዛሬ የሚወስደው ከእኅቶቻችን ብቻ ነው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለው፥ ሥራው ለአራት ልጆች ቢከፋፈል ለእያንዳንዳችን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በጃፓን አገር የትምህርት ቤት ምሳ በ1954 እ.ኤ.አ. በሕግ የተደነገገ ሲሆን፥ ልጆቹ ነጭ ልብስና ቆብ አድርገው ምሳውን በተራ ለጓደኞቻቸው ያድላሉ፤ ከበሉም በኋላ ራሳቸው ያነሣሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ የምግብ ትምህርትን የሚመለከት ሕግ አወጡ። ይህን በማድረጋቸው ጃፓኖች በሳይንስ ወደ ኋላ ቀሩ የሚል ማንም የለም።

«እሳትና ቢላዋ ለልጅ አደገኛ ነው» የሚሉትም አሉ። እነዚህ ትክክል ናቸው፤ ስለዚህ ሥራው እንደ ዕድሜው ይሰጥ። የአምስትና የስድስት ዓመት ልጅ ምስር ይልቀም፥ ጎመን ይጠብ፥ ሳህን ያቅርብ። የዘጠኝና የዐሥር ዓመት ልጅ ድንች ይላጥ፥ ሽንኩርት በትልቅ ሰው አጠገብ ይክተፍ። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በላይ የሆነው ወጥ ያማስል፥ ሊጥ ያቡካ፥ ምጣድ ላይ መቆምን ይማር። ሕፃን ከእሳት ዳር አይቀመጥ። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አይቀጣጠል፤ የማይታይና የማይሸት ጭስ ሰውን ተኝቶ እንዲቀር ያደርጋልና፤ ይህንን በተለይ የኪራይ ክፍል ውስጥ የምንኖር ተማሪዎች እንጠንቀቅ። እሳት ያቃጠለውን ሰውነት ቅቤ ወይም ሊጥ ከመቀባት ይልቅ፥ ወዲያው በቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለሃያ ደቂቃ ማፍሰስ ይገባል።

ስለ ንጽሕናም አንድ ቃል እንጨምር። ሰፈራችን ቧንቧ ውሃ ተብሎ ይጠራ እንጂ፥ ውሃው ሁልጊዜ በቧንቧው አይገኝም፤ በመጣ ጊዜ በጄሪካን ሞልተን እናስቀምጣለን። ስለዚህ ጄሪካኑ ውስጡ ይታጠብ፤ አፉ ይከደን፤ መጠጫው ውሃ በንጹሕ መቅጃ ይቀዳ፤ የሚያጠራጥር ከሆነም ይፈላ። እጅ ከምግብ በፊትና ከሽንት ቤት በኋላ በሳሙና ይታጠብ። አንዲት ጣሳ ውሃ እጅን ለመታጠብ ትበቃለች፤ ለተቅማጥ ግን ሙሉ ጄሪካን አይበቃም።

ተማሪ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ በዕረፍት ሰዓት ከሱቅ የምንገዛውን ብስኩትና ለስላሳ መጠጥ እናስብ። ስኳሩ ለጥቂት ጊዜ ደስ ያሰኛል፤ ጥርስን ይጐዳል፤ ረኃቡም ቶሎ ይመለሳል። በዚያው ገንዘብ ሽምብራና ስንዴ ገዝቶ ቈልቶ በኪስ መያዝ ይቻላል። ቆሎ የድኻ ምግብ ነው ብሎ የሚያፍር ቢኖር፥ በትልልቅ ከተሞች ሀብታሞች ዛሬ የሚፈልጉት ይህንኑ መሆኑን ይወቅ።

እኛ ያደረግነውን ነግረናችሁ ንግግራችንን እንፈጽም። ከጓደኛችን ሕመም በኋላ ሁለቱ ተከራዮች ምድጃና ድስት ገዙ፤ የከተማዎቹ ሁለታችን እናቶቻችንን አስተምሩን ብለን ለመንን። እናቶቻችን መጀመሪያ ሳቁ፤ በኋላ ግን ደስ አላቸው። የመጀመሪያው ምስር ወጣችን አረረ፤ ሁለተኛው ጨው በዛበት፤ ሦስተኛውን ጐረቤት ቀምሶ መረቀን። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን በተራ እናበስላለን፤ ሐሙስ ቀን ጎመን የማይቀር ሆኗል። ለአራት ሰው የሚበቃ ምስርና ጎመን፥ አራታችን በየፊናችን ለዳቦና ለሻይ እናወጣው ከነበረው አይበልጥም። ጓደኛችንም ዛሬ ዳገቱን ከእኛ ቀድሞ ይወጣዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው። ጓደኛችን ቅዳሜ ወደ አገሩ ሲሄድ ስንቁን ራሱ ይጋግራል። እኅቱ በአጠገቡ ተቀምጣ ደብተሯን እያነበበች ታዝዘዋለች። የመጀመሪያው እንጀራው ዓይን የሌለው ሆኖ በወጣ ጊዜ እስክታለቅስ ድረስ እንደ ሳቀችበት ነግሮናል፤ አባታቸው ግን ያንኑ እንጀራ ምንም ሳይናገሩ ቈርሰው በሉ። እርሷም ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ልትፈተን ነው። ብታልፍ ወደ ደሴ መጥታ ትማራለች፤ ክፍሉንና ምድጃውን ተረክባ በእግሩ ትተካለች። እሑድ ማታ ስንቋን ተሸክሞ የሚያደርሳት ማን እንደሚሆን አስቀድሞ ቃል ገብቶላታል።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፤ ወንድ ልጆቻችሁን ወደ ጓዳ ጥሩአቸው፤ ሴት ልጆቻችሁንም ለጥናት ከጓዳ አስወጡአቸው። መምህራኖቻችን ሆይ፤ በሳይንስ ክፍል ስለ ምግብ ስታስተምሩን የቤት ሥራችን በድስት ውስጥ እንዲሆን እዘዙን። እናንተም ታናናሾቻችን፥ ዛሬ ማታ ወደ ቤታችሁ ስትገቡ «ምን ላግዝ?» ብላችሁ ጠይቁ። ያቦካችሁት ለዛሬው ራት ባይበቃ እንኳ፥ ለነገው ይበቃል።